ሁለቱ የድኩላ ግልገሎች

ቦንጋ ውስጥ በአንድ የእንስሳት ክሊኒክ ሥራ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ሥራዬ በአብዛኛው ከላምና ከበግ ጋር ነው፤ እከትባለሁ፣ የሆድ ትል መድኃኒት እሰጣለሁ፣ ምጥ የጠናባትን ላም አዋልዳለሁ። የዱር እንስሳ የሚመጣልን አልፎ አልፎ ነው። ወጥመድ እግሩን የቆረጠው ጉሬዛና ክንፉ የተሰበረ ጭላት አስታውሳለሁ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወደ ዋጫ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖሩ አንድ ንብ አናቢ በባጃጅ መጡ። ጋቢያቸው ውስጥ የጠቀለሏትን የድኩላ ግልገል ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡልኝ። ቀይ ናት፤ ጎኗ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አላት።

«ቀፎ ልሰቅል ሄጄ ብቻዋን ተኝታ አገኘኋት፣ ልጄ። እናቷን ነብር በልቷት ይሆናል» አሉኝ።

ሆዷን ስዳስሰው ሙሉ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ጠብታለች ማለት ነው። ድኩላ ግልገሏን ቁጥቋጦ ውስጥ ደብቃ ወደ ግጦሽ እንደምትሄድ፣ ተመልሳም እንደምታጠባት ተምሬያለሁ። ማለት የነበረብኝ «ጋሼ፣ አሁኑኑ ካገኙበት ቦታ ይመልሷት» ነበር።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፤ ነፍስ አዳኑ» አልኳቸው።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ባለ ላሞቹ ሁሉ ተሰብስበው ያዩናል። አለቃችን ፎቶ ሊያነሣን ስልኩን ይዞ ከቢሮው ወጥቷል። በዚያ ላይ ክትባት ብቻ መስጠት ሰልችቶኝ ነበር። እንደ እውነቱ ከሆነ ግልገሏን ፈልጌያታለሁ፤ ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው።

መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ ካርቶን ላይ ጭድ አንጥፌ አስተኛኋት። የላም ወተት በጡጦ አጠጣት ጀመር። በሦስተኛው ቀን ሰውዬው ተመልሰው መጡ።

«እናቲቱ አለች፣ ልጄ» አሉኝ በሩ ላይ ቆመው። «ትናንትም ዛሬም እዚያችው ቦታ አየኋት። ስታየኝ ትሸሻለች፣ ዞር ስል ትመለሳለች። ልውሰድላት?»

ግልገሏ ያን ጊዜ ጣቴን ስትጠባ ነበር።

«የሰው ሽታ ነክቷታል፤ ከእንግዲህ አትቀበላትም» አልኳቸው። ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር። እሳቸው ግን የተማረ ሰው ነግሯቸዋልና አመኑኝ። አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ።

የላሙ ወተት አልተስማማትም። ተቅማጥ ያዛት፤ ጉሉኮስ ልሰጣት ስሞክር ደም ሥሯ እየጠፋ አስቸገረኝ። በዘጠነኛው ቀን ሞተች። ከጥበቃው ጋር ሆነን ጓሮ ከእንሰቱ ሥር ቀበርናት።

ከወራት በኋላ ሰውዬው ለገበያ ሲመጡ ጎራ አሉና አንድ ጣሳ ማር ሰጡኝ። «ልጃችንስ እንዴት ሆነች?» ብለው ጠየቁኝ።

«አድጋ ጫካ ገብታለች» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። ላሞቻቸውን ይዘው ለተሰለፉት ሁሉ በአገሩ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ አወሩላቸው። እኔ ማሩን ይዤ ቆሜ ፈገግ እላለሁ።

በዓመቱ ያው ሰው፣ ያንኑ ጋቢ ታቅፈው መጡ። «ይኼኛው ወንድ ነው። እንደ እኅቱ አሳድጊው» አሉና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ። ሆዱን ነካሁት፤ ሙሉ ነው።

«ጋሼ፣ አሁኑኑ እንመልሰው» አልኩ።

«እንዴት ይመለሳል? የሰው ሽታ ነክቶታል። አንቺ አይደለሽ እንዴ የነገርሽኝ?»

«ያን ጊዜ ዋሽቼዎት ነው።»

ግልገሉን መልሰው በጋቢያቸው ጠቀለሉት። በባጃጅ ሄደን፣ መንገዱ ሲያልቅ በእግራችን ወደ ጫካው ወረድን። ካነሱበት ቁጥቋጦ ሥር አስተኙትና ራቅ ብለን ከወደቀ ግንድ ጀርባ ተቀመጥን። ያካፋል። ሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ፣ እናቱ ባትመጣስ እያልኩ እሰጋ ነበር።

መጣች። ሁለት እርምጃ ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ታሸታለች። ግልገሉ ሰምቷት ተነሣ። አሸተተችው፣ ጀርባውን ላሰችው፤ ወዲያው ጭራውን እያወዛወዘ መጥባት ጀመረ።

ሰውዬው ዓይናቸውን ከእሷ ሳይነቅሉ «የመጀመሪያዋስ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«በዘጠነኛው ቀን ሞተች።»

«እናቷ ስትፈልጋት አንቺ አላየሽም። እኔ ግን አይቻለሁ» አሉኝ።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ከሹፌሩ ጋር ብቻ በካፊኖኖ እያወሩ ሄዱ። ቦንጋ ተወልጄ ባድግም ካፊኖኖ የምሰማው ግማሽ ግማሹን ነው። ስለ እኔ ያውሩ ስለ ዝናቡ አላወቅኩም።

ከዚያ ወዲህ ልጄ ብለውኝ አያውቁም። አልተቆጡኝም፣ ለሰውም አልተናገሩብኝም። «ዶክተር፣ እንደምን ዋሉ?» ይሉኛል፣ ለማንኛውም ባለሥልጣን እንደሚባለው በአክብሮት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ግልገል ይዞ የሚመጣ ሰው ሲኖር መጀመሪያ የግልገሉን ሆድ እዳስሳለሁ። ከዚያ የት እንዳገኘው እጠይቃለሁ። አብዛኞቹን በዚያው ዕለት መልሰናል። ባልደረቦቼ በዚህ ያመሰግኑኛል፤ ከማን እንደተማርኩት ግን አልነገርኳቸውም።

ባለፈው ሳምንት ሰውዬው ጡቷ ያበጠ ላም ይዘው መጡ። መርፌ ወጋኋት። እጄን እየታጠብኩ ይቅርታ ልጠይቃቸው ቃሉን አዘጋጅቼ ነበር። ላሟን ፈትተው ገመዷን እጃቸው ላይ ሲጠቀልሉ ቀና ብለው አዩኝ።

«እስክነግርዎት ድረስ ወተቷን እንዳይጠጡ፤ መድኃኒት አለበት» አልኳቸው።

«እሺ ዶክተር» አሉና ላሟን እየነዱ ሄዱ።