ሆንግ ኮንግ በደባርቅ

ጂኦግራፊ ሳስተምር የእስያ ከተሞችን የሕዝብ ዕድገት በአራት መስመር ሰሌዳ ላይ አሳያለሁ። የቻይናው ሽቅብ ይሮጣል፣ የባንግላዴሹም ይከተለዋል፤ የሕንዱ ቀስ እያለ ይወጣል፤ የጃፓኑ ከላይ ደርሶ ተኝቷል። ተማሪዎቼ ይገለብጣሉ እንጂ አይጠይቁም። የተረፈኝን ማብራሪያ ይዤ ወደ ቤት እገባለሁ።

ቤት ስል ደባርቅ መናኸሪያ ጀርባ የተከራየኋት አንዲት ክፍል ናት። አከራዬ ጥያቄ የማይሰለቻቸው አሮጊት ናቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ምስር ሲለቅሙ ስለ ባንግላዴሽ ዋና ከተማ ስለ ዳካ ነገርኳቸው፤ ጎርፍ መሬቱን የወሰደበት ገበሬ ወደ ከተማ እንደሚገባ፣ ከተማዋም እየጠበበች እንደምትሄድ።

"ታዲያ ያ ሁሉ ሰው የት ያድራል?"

"ክፍሉን ይከፋፍሉታል፣ እማማ። ሆንግ ኮንግማ አንዱ ክፍል ለአራት ይሸነሸናል።"

"በምን? በኮምፔንሳቶ?"

"በኮምፔንሳቶም፣ ባገኙትም።"

ምስሩን ተዉት። ጎበዝ ተማሪ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ አናጢ ክፍሌ መሐል ቆሞ ሚስማር ይመታል። ቱሪስት ቢጠፋ ጊዜ ከሰሜን ተራሮች፣ ከሳንቃ በር ካምፕ የወረዱ በቅሎ ነጂና ሚስቱ ፍራሻቸውን ታቅፈው ደጅ ይጠብቃሉ።

"እማማ፣ ይሄ'ኮ የኔ ክፍል ነው!"

"ግማሹ ያንተ ነው። አንተው አይደለህ ያስተማርኸኝ? ኪራዩን እቀንስልሃለሁ። ደግሞ የሆንግ ኮንጎቹ ባንድ ክፍል አራት ናቸው፤ እናንተ ሁለት ቤት ብቻ!"

በሩ በእኔ በኩል ቀረ፤ መስኮቱና የመብራቱ ማጥፊያ በእነሱ በኩል። ሲገቡም ሲወጡም "ይቅርታ፣ መምህር" እያሉ እግሬን ይሻገራሉ። እነሱ ሊተኙ ሲሉ መብራቱ ድርግም ይላል፤ የነገውን ትምህርት በጭንቅላቴ አዘጋጃለሁ። ጠዋት መንጋቱን የማውቀው በእነሱ ወሬ ነው።

ሌላ ቤት ፈለግሁ። ደላላው ሳቀብኝ። "ገጠሩ ሁሉ እዚህ ገብቶ፣ መምህር? ባይሆን ዳባት ሞክር።" ዳባት ባድር ደግሞ ጠዋት መኪና ማግኘቴ በዕድል ነው። ይህን ነገር ክፍል ውስጥ "የመኖሪያ ቤት እጥረት" ብዬ ጽፌ ነበር የማልፈው።

ባለፈው ሳምንት የበቅሎ ነጂው ሚስት እህት መጣች፤ እሷም ማደሪያ የላትም። አከራዬ ደጃፌ ላይ ቆመው ግድግዳውን ሲያዩ ቆዩ።

"መምህር፣ እነዚያ የሆንግ ኮንግ ሰዎች ክፍሉን ከፋፍለው ከፋፍለው ቦታ ሲያልቅባቸውስ ምን ያደርጋሉ?"

መልሱን አውቀዋለሁ። አልጋ በአልጋ ላይ ይደረድራሉ። ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ፤ ከእኔ በላይ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ አለ።

"እሱን ገና አላነበብሁም፣ እማማ" አልኋቸው።