አንድ እግሩ ያጠረ ግመል

ነገሩ ከሆነ ዓመት ሊሞላው ነው። ለሚስቴ እንኳ ደፍሬ አልነገርኳትም። ለእናንተ የምጽፈው ቸግሮኝ ነው።

የምሠራው ኮምቦልቻ፣ ውዳቂ ብረት በሚቀልጥበት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ከክምሩ መሀል አንዳንዴ የድሮ ሰው ከቁርጥራጭ ብረት የበየዳቸው ምስሎች ይወጣሉ፤ ከሰንሰለት የተሠራ ዶሮ፣ ከማረሻ ብረት የተሠራ በሬ። እነሱን ካየሁ አላልፍም። አለቃዬን አስፈቅጄ ወደ ቤት እወስዳቸዋለሁ። ሚስቴ "ደግሞ ዝገት ይዘህ መጣህ?" ትለኛለች። እኛ ሠራተኞቹ ግን "ከክምር የወጣ የማንም አይደለም" እንባባላለን።

ካሉኝ ሁሉ የምወደው ከመኪና ባሌስትራ የተሠራ ግመል ነው። አንድ እግሩ ስለሚያጥር ከሥሩ ቆርኪ አድርጌ አቆምኩት።

ግመሉን በወሰድኩ በሳምንቱ አንዲት እናት ፋብሪካው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ጥበቃው ወደ እኔ እያመለከተ "እሱን ይጠይቁት፤ ብረቱን የሚለየው እሱ ነው" አላቸው።

"የኔ ልጅ፣ ከደሴ፣ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው የመጣሁት" አሉኝ። "ግመል ጠፍቶብኝ ነው። ሟቹ ባለቤቴ የበየደው የብረት ግመል። የልጅ ልጄ ሳታውቅ ለቁራሌው ሰጥታ በጆግ ለወጠችው። ወላሂ፣ ሌላ የእጁ ሥራ የለኝም።"

ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው አንዲት ጠፍጣፋ ጠጠር አሳዩኝ። "አንድ እግሩ አጭር ነው። ሠላሳ ዓመት በዚች ነው የቆመው። 'ሳረጅ እኔንም እንዲህ ትደግፊኛለሽ' ይለኝ ነበር።"

ክው አልኩ። "እኔ ጋ ነው" ማለት ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን "እናቴ፣ እሱማ ቀልጧል" የሚል ነበር። ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም። ስስት ነው።

ፊቴ ሲለዋወጥ አይተው ነው መሰለኝ፣ ይባስ ብለው እኔን አጽናኑኝ። "አብሽር የኔ ልጅ፣ የአላህ ውሳኔ ነው። አንተ ምን አጠፋህ?" ጠጠሯን በሩ ሥር አስቀምጠው ወደ ሚኒባሱ ሄዱ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም።

የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው እውነት ነው። ቤቴ ገብቼ ግመሉን ሳየው አስጠላኝ። በማግስቱ ይዤው ደሴ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ የዕረፍት ቀኔን ሁሉ ቧንቧ ውሃ እየዞርኩ እጠይቃለሁ። "ግመል የጠፋባቸው እናት" ስል ሰዉ ይስቅብኛል። "ደሴ ላይ ደግሞ ማን ግመል አረባ?" ይሉኛል። እኔም እንዴት እንደጠፋ ዘርዝሬ ለመናገር አፍራለሁ። አንዳንዴ ባላገኛቸው ይሻላል የምልበት ጊዜም አለ፤ ዓይናቸውን እንዴት አያለሁ?

ጠጠሯን ያኔውኑ አንስቻታለሁ። ቆርኪውን ጥዬ ግመሉን በእሷ አቁሜዋለሁ።

የቧንቧ ውሃ ሰዎች፣ እኚህን እናት የምታውቁ ካላችሁ፣ አውፍ ይበሉኝ ማለቱን ለራሴ ተዉልኝ። እናንተ ብቻ አልቀለጠም በሏቸው።