ሁለቴ ረዘም፣ አንዴ አጠር

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ውስጥ የአንድ አዳራሽ ጥበቃ ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ በአዳራሹ የትንንሽ ባቡሮች ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ከአዘጋጆቹ አንዱ ምሳ ሊበላ ሲወጣ ባቡሩ የሚሄድበትንና የሚጮኽበትን ቁልፍ አሳይቶኝ፣ አደራ ብሎኝ ሄደ።

ሹራብ የደረቡ አንዲት እናት ከመከለያው ገመድ ማዶ ቆመው ባቡሩን በዓይናቸው ሲከተሉ ቆዩና መልኬን አይተው በአማርኛ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ይጮኻል?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እስቲ ሁለቴ ረዘም፣ አንዴ አጠር አድርገህ አስጩኸው። ባለቤቴ የድሬዳዋ ባቡር ነጂ ነበር። በቤታችን በኩል ሲያልፍ እንደዚያ አድርጎ ነበር የሚጠራኝ። ከሰማሁት አሥር ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ ግን ያንን በር ክፈትልኝ።»

ሙቀቱ ከብዷቸው መስሎኝ ወደ መኪና ማቆሚያው የሚያስወጣውን በር ከፈትኩላቸው። «ነፍስ ይማር» ልል ነበር፤ እንዳላስለቅሳቸው ፈርቼ ተውኩት። ቁልፉን ተጫንኩ።

እማማ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ድገመው።»

ደገምኩት። ሕዝቡ ዞር ዞር እያለ ያየኝ ጀመር፤ አለቃዬም ከሩቅ እጁን ያወናጭፋል። እኔ ግን እምቢ ማለት አቃተኝ።

«አንዴ ብቻ፣ በሞቴ!»

ለሦስተኛ ጊዜ ሳስጮኸው አንድ ረዥም ሽማግሌ እያለከለኩ በበሩ ገቡ።

«አስካለ!» አሉ።

እማማ ከእሳቸው ላይ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ፣ «ባቡር ካየሁ ናፍቆቱ ይብስብኛል ብሎ ከጠዋት ጀምሮ ከመኪና አልወርድም ያለኝ እሱ ነው» አሉኝ።