የቆሮሶ ቀይ መስመር

ፖሊሶች የያዙኝ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ነው፤ የቆሮሶ ዓሣ ቅርፊት ከእጄ ላይ ሳይለቅ። ታጠብ እንኳ ያለኝ የለም። ክፍሉ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ የሸተተኝ የራሴው ሽታ ነበር። አንዱ እስረኛ አፍንጫውን ይዞ «ይኼን ደግሞ ከነቆሮሶው አስገቡት!» አለና ሁሉንም አሳቀብኝ። ሳይስቅ ጠጋ ብሎ ቦታ የሰጠኝ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ ቀጭን ሰው ብቻ ነው።

ጥፋቴ ግራፍ ነው። በዓሣ አጥማጆች ማኅበራችን ስብሰባ ላይ ሰቀልኩት። በየዓመቱ ያጠመድነው ቆሮሶ በምሰሶ በምሰሶ ተስሏል፤ ምሰሶዎቹ እያጠሩ ይሄዳሉ። ከላያቸው ቀይ መስመር አግድም ተሰምሯል፤ ሐይቁ ደህና በነበረ ጊዜ የምናገኘው ያን ያህል ነበር። «ከዚህ መስመር በታች ማን አወረደን?» ብዬ ጠየቅኩ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ግራፉን የሠራችልኝ በስተርጅናዬ ፊደል ያስቆጠረችኝ አንዲት ወጣት ልጅ ናት። ታቦር ሰፈር ትኖራለች፤ የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ ያኔ አራስ ነበረች።

መርማሪው ግራፉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጠበቀኝ።

«ይኼን ቀይ መስመር ማነው ያሰመረው?»

«እኔ።»

«ቀይ መስመር ታልፏል ነው የምትለው? ዛቻው ለማን ነው?»

«ለማንም። የቆሮሶ ነው።»

«አትቀልድ! ትናንት ሀሁ የለየህ ሰውዬ ነህ። ነገ እዚሁ ፊቴ ትሠራዋለህ። ካቃተህ የሠራውን ሰው ስም ታመጣለህ።»

 ግድግዳ ላይ መስቀል እንጂ መሥራት የት አውቄ! ወደ ክፍሉ ስመለስ ለመምህሩ ነገርኩት። ጣቱን ውሃ ነክሮ ሲሚንቶው ላይ ያሳየኝ ጀመር። እኔ ምሰሶው ጋ ሳልደርስ የመጀመሪያው መስመር ይደርቃል፤ እንደገና እንጀምራለን።

«ቀዩ ማነጻጸሪያ ይባላል፣ ጋሼ። ቋሚው መስመር ላይ ቁጥሩን ይፈልጉና ከእሱ ትይዩ ቀጥ አድርገው ይውሰዱት። ዘመም ካለ ዋሸ ማለት ነው። ደግሞ ምን እንደሆነ ይጻፉበት፤ ስም ከሌለው ሁሉም የመሰለውን ይተረጉመዋል።»

«የእኔንም ዕድሜ ሣሉልኝ፣ ከመስመር በታች ነው» አለ አፍንጫውን የያዘብኝ። በዚያ ቀን መሳቅ አልቻልኩም። የልጅቷ ስም አፌ ላይ እየመጣ ያስፈራኝ ነበር።

በማግስቱ መርማሪው ፊት ቋሚውን መስመር አሰመርኩ፤ ምሰሶዎቹን ተከልኩ። አንዱ ተንጋደደ፤ ግን ምሰሶ ነበር።  ቀዩን እስክሪብቶ ሳነሳ መርማሪው ድምፁን አለዘበ።

«ስማኝ አባባ፣ መስመሩን እዚህ ጋ አድርገው።» ጣቱን ከአጭሩ ምሰሶ በታች አስቀመጠ። «ያኔ ሁሉም ከመስመር በላይ ሆነ ማለት ነው። ተሳስቼ ነበር ብለህ ትፈርማለህ፣ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

ቤቴ ታየኝ። አልዋሽም፣ እስክሪብቶው ወደ ጣቱ ሄዶ ነበር። ከዚያ መለስኩትና መስመሩን ከነበረበት ቦታ አሰመርኩት። ከላዩ ላይ «ሐይቁ ደህና ሳለ» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። ስጽፍ ዘገምተኛ ነኝ።

«አልጨረስክም?» አለ።

«ለ ትቀረኛለች።»

ጻፍኳት። ወረቀቱን ነጥቆ ወደ ክፍሉ አስመለሰኝ። ከዚያም በኋላ ብዙ አቆዩኝ፤ ማን ሠራው የሚል ጥያቄ ግን ዳግመኛ አልመጣም። ልጅቷን ማንም አልጠራትም።

አሁን ተፈትቻለሁ፤ በየስብሰባው ኃላፊዎቹ ግራፍ በስክሪን ያሳዩናል። መስመሩ አረንጓዴ ሆኗል፤ ዝቅ ብሏል፤ ምሰሶዎቹ ሁሉ ከላዩ ቆመዋል። ሰው ያጨበጭባል። እኔ እጄን አነሳና መስመሩን እዚያ ያደረገው ማነው እላለሁ። «እኚህ ሰውዬ ደግሞ ጀመሩ» ይላሉ። ይበሉ። እስኪመልሱልኝ አላጨበጭብም።