ወይፈን ወይስ ታንኳ

የልጅ ልጄ ባለፈው ሰሞን ስልኩን አስጠግቶ የአሜሪካኖችን ኳስ አሳየኝ፤ በእጃቸው ታቅፈው እየሮጡ እግር ኳስ የሚሉትን። ጨዋታው ግን አልተጀመረም። ሱፍ የለበሱ ጎረምሶች ከእናቶቻቸው ጋር ተቀምጠው ስማቸው እስኪጠራ ይጠብቃሉ። ቡድኖቹ በየተራ አዲስ ተጫዋች ይመርጣሉ፤ ዓምና መጨረሻ የወጣው ቀድሞ ይመርጣል አለኝ። ሳቄ መጣ። ይቺማ የአገሬ የወረታ ልጆች ሕግ ናት፣ እኛ ስንሠራባት እናንተ የት ነበራችሁ አልኩት።

ልጅ ሳለሁ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ገና ሲደርስ የፎገራ ሜዳ ውኃው ሸሽቶ ጭቃው ይደርቃል። የሽምብራ እሸት እየፈለፈልን የገና ዱላችንን ይዘን እንወርዳለን። ቡድን ስንከፍል አቻ ለአቻ ጥንድ እንሆንና ፈንጠር ብለን ለየራሳችን የምስጢር ስም እናወጣለን። ከዚያ ሁለቱ አለቆች ዘንድ መጥተን “ወይፈን ወይስ ታንኳ?” እንላለን። አለቃው የትኛው ስም የማን እንደሆነ አያውቅም። የመረጠው የእሱ፣ የቀረው የሌላው ነው። ምርጫውን የሚጀምረው ባለፈው ገና የተሸነፈው ወገን ነበር።

እኔና የባለሱቁ ልጅ ሰይድ በቁመትም በሩጫም እኩያ ነበርን። ስለዚህ ሁልጊዜ ጥንዶቹ እኛ፣ ሁልጊዜም የምንለያየው እኛ። በዚያ ዓመት አባቱ ሱቃቸውን ወደ ጎንደር ሊያዛውሩ ተነሡ፤ የሚሄዱት ገና እንዳለፈ ነው። አንድ ቀን እንኳ ባንድ ወገን ሳንጫወት መለያየታችን አንገበገበኝ። ተማከርን። የተሸናፊዎቹ አለቃ አያ ዳኘው ከብት ነፍሱ ነው፣ የከብት ስም ሰምቶ አያልፍም። እንግዲህ ከሌላ ከሌላ ልጅ ጋር እንጣመርና ሁለታችንም የከብት ስም እንያዝ ተባባልን።

እኔ ቀድሜ ቀረብኩ። አያ ዳኘው ወይፈን ብሎ ወሰደኝ፤ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ቀጥሎ ሰይድ ከጥንዱ ጋር መጣና “በሬ ወይስ ዝናብ?” አለ። አያ ዳኘው አፉን ሲከፍት የወዲያኛው አለቃ ተራው የኔ ነው ብሎ ከለከለው። ለካ ምርጫው በየተራ ነው! ሁሌ የምንሠራበትን ነገር ከጉጉታችን ብዛት ረስተነዋል። ዝናብ በል፣ ዝናብ በል እያልኩ በሆዴ ለመንኩ። ምን ያደርጋል፣ ፎገራ ተወልዶ በሬ ትቶ ዝናብ የሚመርጥ ከየት ይመጣል? በሬ አለ። ሰይድ ወዲያ ማዶ ሄደ።

እንባዬ መጣ። ጨዋታው ሊጀመር ስንሰለፍ ሰይድ ዱላውን ተደግፎ ፊት ለፊቴ ቆመ።

“ምን ያስለቅስሃል? ባንድ ወገን ብንሆን እኮ ጀርባህን ነበር የማየው” አለኝ።

ገና እንዳለፈ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

የልጅ ልጄ ጆሮውን ጥሎ ሲሰማኝ ቆየና ያን ቀን ማን አሸነፈ አለኝ። አሰብኩ፣ አሰብኩ፣ ጠፋኝ። የዛሬ ልጆች ውጤቱን ከነደቂቃው ይይዛሉ። እኔ ዘንድ የቀረው የሰይድ ፊት ነው።