አሸዋ የበዛበት ጡብ

አጎቴ የጭቃ ጡብ ሠሪ ናቸው፤ እንደ እሳቸው ያለ ግትር ሰው አይቼ አላውቅም። አፈር የሚመርጡት በአፋቸው ነበር። ቆንጠር አድርገው በፊት ጥርሳቸው ይፈጩታል፤ ቅጭ ቅጭ ካለ አሸዋ አለው፣ ዝም ብሎ ከተለጠፈ ዋልካ ብቻ ነው። ዋልካ ብቻውን ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ አሸዋ ይጨመርበታል። አሸዋው ከበዛ ደግሞ የሚያያይዘው ያጣና ዝናብ ይበላዋል። በዚህ ዘዴ የሠሩት ግድግዳ አሳፍሯቸው አያውቅም።

ኋላ ጥርሳቸው አለቀ። መቅመሱን ግን አልተዉም፤ "ድድስ ከማን ያንሳል!" ይላሉ፣ እኛም እንስቃለን።

አምና የልጃቸው ባል ሞተ። አማቷ ከሩቅ ከተማ "የልጄን ልጅ ይዘሽልኝ ነይ" እያሉ ይወተውቷታል። የእሷ ልብ ግን አባቷ ጋ ነው። የአጎቴ ቤት አንዲት ክፍል ብቻ ስለሆነች፣ "አባዬ፣ ከክረምት በፊት አንድ ክፍል ቀጥልልኝ፤ አንተው ጋ እኖራለሁ" አለቻቸው። አጎቴ ጎረምሳ ሆነው አረፉት!

ጡቡ ደርቆ ሲደረደር አንዱን አነሳሁ። ጠርዙ በአውራ ጣቴ ተፈረፈረ።

"አጎቴ፣ አሸዋ አልበዛበትም?"

"አፈሩን ቀምሼዋለሁ እኮ! ዋልካ ነው፣ አሸዋ የሚባል የለውም። ለዚያ ነው የጨመርኩበት።"

"በየትኛው ጥርስዎ? ድድ እኮ አሸዋ አይለይም!"

ፊታቸው ጠቆረ። "ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች አሉ!" ብለው ጡቡን ነጠቁኝ።

ልጃቸው ሕፃን ልጇን አዝላ በመጣች ሳምንት ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ጣለ። የአዲሱ ክፍል ግድግዳ ከሥሩ እየሟሟ ቆይቶ እኩለ ቀን ላይ ተደረመሰ። ደግነቱ ሁላችንም አሮጌው ቤት ነበርን። ያን ቤት በጉልምስናቸው የሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ ግድግዳው እርጥብ ከማለት በቀር ምንም አልሆነም። አጎቴ ዝናቡ ውስጥ ወጥተው ፍርስራሹን ሲያዩ ቆዩ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ሰውዬው ያረጁት ያን ቀን ነው።

"አልጋዬ ላይ ትተኛላችሁ" አሉ ማታ። "እኔ ደጅ ሸራ እወጥራለሁ።"

"በዚህ ዕድሜህ፣ በክረምት? እኔ አንተን ደጅ አስተኝቼ እንቅልፍ ይወስደኛል?" አንገታቸው ሥር ገብታ አለቀሰች። አማቷ ጋ ለመሄድ ያን ጊዜ ቆረጠች።

አውቶቡስ መናኸሪያው ድረስ ሕፃኑን የያዙት እሳቸው ናቸው፤ ትከሻቸው ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ሹፌሩ ጥሩምባውን ሲነፋ ልጃቸው እጇን ዘረጋች። አጎቴ አልሰጧትም።

"ሹፌሩን እስኪነቃ ይጠብቅ በይው" አሉ።