እኔ ቤት ምሳ ብቻ

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። የወንጪ መንገድ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው። ጤፉ ገና አልታጨደም ነበርና ወሩ ጥቅምት ይመስለኛል። ዓመቱን ግን ሌላ ሰው ይንገራችሁ።

አዲስ አበባ ያለችው ልጄ ደወለች። ባሏ ፈቃድ ወጥቷል፤ ሕፃኗን ይዘው ሦስት ቀን በእኛ በኩል አገር እያዩ ሊዞሩ አስበዋል። በየት በኩል እንሂድ ነው ጥያቄው። ያን ዕለት የባሏ አባት ለለቅሶ ከጊንጪ መጥተው አምቦ እኛ ቤት ተቀምጠው ነበር። ይኼን ስትሰማ ደስ አላትና እየሳቀች እሳቸውንም አናገረቻቸው፤ ሁለታችሁም አገሩን ታውቃላችሁ፣ ተመካከሩና ንገሩን ብላ ዘጋች። እሳቸውንም አባባ ነው የምትላቸው። ወግ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ከእኔ ጋር ስታወራ እንዲያ አትስቅም።

ሦስት ቀን ማለት ሁለት አዳር ነው። እኔ ያሰብኩት ቀጥ ብለው አምቦ መጥተው እኛ ቤት እንዲያድሩ ነበር። በማግስቱ ጉደርን አልፈን ጌዶ ድረስ እንወጣለን፣ ገበያውን ያያሉ፣ ተመልሰን እኛው ቤት እናድራለን። ጌዶ ካላማራቸው ወደ ሸነን ሄደን የጅባትን ጫካ እናያለን። በየትኛውም ቢኬድ ሁለቱም አዳር የእኔ ነው። የልጅ ልጄን ካየኋት ዓመት አልፎ ነበር።

እሳቸው ሚስቴ ምስር የምትለቅምበትን ሰፌድ ሳብ አደረጉና ምስሩን በጣታቸው እየገፉ መንገድ ሠሩበት። ጊንጪ እሳቸው ቤት አዳር። ጠዋት የደንዲ ሐይቅ። አምቦ ምሳ። ከዚያ ወንጪ ሐይቁ አጠገብ አዳር፣ በሦስተኛው ቀን በወሊሶ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ። በሄዱበት አይመለሱም አሉ። ሚስቴ የለቀመችው ካልለቀመችው ሲደባለቅ ታያለች።

መንገዱ ጥሩ ነበር፤ እሱ ነው ያንገበገበኝ። እሳቸው ሁለት ሐይቅ አላቸው፣ እኔ የጌዶ ገበያ። ጊንጪ አዳር፣ ወንጪ አዳር፣ እኔ ቤት ምሳ ብቻ።

አማች ደግሞ አይሞገትም። ስለዚህ በወጉ፣ "የእርስዎ ይሻላል፣ እንዳሉት ይሁን" አልኩ። እንዲህ ሲባል ሌላው "ኧረ የለም፣ የእርስዎ ይሁን እንጂ" ይላል፤ ተለማምነን ተለማምነን አንዱን አዳር ለእኔ ይተዉልኛል ብዬ ነው። እሳቸው ግን "እንግዲያው ተስማማን" ብለው ስልካቸውን አወጡና እዚያው ፊቴ ለልጄ ደወሉላት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት አይነሳ። ከጊንጪ የመጣ ሰው ሽማግሌው ለሕፃኗ ትንሽ አልጋ አሠርተዋል ብሎ ነገረኝ። አልጋ! ደጅ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ማታ እራት ቀርቦ አልበላ አለኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ ሽሮው ምን አደረገህ?" አለች ሚስቴ።

"ምንም።"

"ቀንተሃል።"

"በማን?"

"በሽማግሌው ነዋ። መንገዱን በገዛ እጅህ ሰጥተሃቸው።"

"ይመልሱልኛል ብዬ ነው እኮ።"

እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ስትጨርስ አብረሃቸው ሂድ አለችኝ። ሳይጠሩኝ እንዴት አማች ቤት ሄጄ አድራለሁ ብላት ስልኩን አንስታ ለእሳቸው ደወለች። የኔ ሰውዬ አብሮ መዞር ይፈልጋል፣ ለመናገር ይሉኝታ ይዞት ነው አለቻቸው። እኔ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ። የእሳቸው ድምፅ እስከ እኔ ይሰማል፤ "ራኮ ሂንቀቡ፣ ምን ችግር አለው፣ ይምጡ እንጂ" ይላሉ።

በሚኒባስ ጊንጪ ሄድኩ። የእነ ልጄ መኪና ሲደርስ ሕፃኗ ወርዳ አካኮ፣ አያቴ፣ እያለች ወደ እሳቸው ነው የሮጠችው፤ እነ ልጄ ጊንጪ ቶሎ ቶሎ ይመላለሳሉ ለካ። በማግስቱ እሳቸው ጋቢና ተቀምጠው ይኼ እንዲህ ነው፣ ያ እንዲያ ነው እያሉ ያሳያሉ፤ እኔ ከልጄና ከሕፃኗ ጋር ከኋላ። የደንዲ ሐይቅ ያምራል፤ ያምራል ማለት ግን ከአፌ አልወጣም።

ከአምቦ ምሳ በኋላ የወንጪ ዳገት ጥምዝምዙ ሲጀምር ሕፃኗን አጥወለወላት። እላዬ ላይ ተጋድማ አውራ ጣቴን ጨበጠች። እሳቸው ዞር ብለው ወደ እኔ ስጡኝ፣ ከፊት ይሻላታል አሉ።

"ተኝታለች" አልኳቸው።

ዓይኗን አፍጥጣ ታየኝ ነበር። ልጄ ወደ መስኮቱ ዞራ ሳቀች። ወንጪ እስክንደርስ ማንም አልወሰደብኝም።

ቅናቱ ጨርሶ ለቀቀኝ አልልም፤ ያ አልጋ አሁንም ትዝ ሲለኝ ይከነክነኛል። ደጅ ተቀምጬ ስቃጠል እንዳልቀር አድርጋ ያንን ሰሞን ያሻገረችኝ ግን ሚስቴ ናት።